በራዱ ውስጥ የበቀለው ድንጋይ

እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ የሻይ በራዷን ይዛ በረንዳ ላይ ትቀመጥ ነበር። ቢላዋ ትይዛለች። ከዚያ መፋቁ ይጀምራል፤ ድምፁ ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ከበራዱ ሆድ ነጭ ቅርፊት እየተፈነቀለ ጨርቁ ላይ ይወድቃል። "የድሬ ውሃ ጨው ነው፣ ምን ይደረግ" ትላለች። አንድ ቀን ጨው ከሆነ ብዬ አንዷን ስባሪ አንስቼ ላስኳት። ጨው ጨው አትልም። ጠመኔ የነከስኩ ነው የመሰለኝ። ጥያቄው አብሮኝ አደገ። ጨው ካልሆነ ምንድን ነው? እንደ መስታወት የጠራ ውሃ አፍልተን ድንጋይ ከየት መጣ?

በራዱ በመጨረሻ ተበሳ። ማንጠብጠብ የጀመረው ቢላዋው ዘወትር በሚያርፍበት ቦታ ነበር።

ዛሬ እዚሁ ድሬዳዋ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ቤቴ ሳቢያን ነው። ተማሪዎቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ የጎረቤቶቼ ዘመዶች ሳይቀሩ ስለዚህ ነጭ ነገር ይጠይቁኛል። ሻወሩ ተደፈነ፣ ቦይለሩ ይጮኻል፣ የውሃ ማፍያው ተቃጠለ ይሉኛል። ሁሉንም አንድ ነገር ነው የምላቸው፦ አትፋቁት፣ አሟሙት። ግን ለምን እንደሚሟሟ ሳያውቁ የሚያሟሙ ሰዎች ግማሽ መንገድ ላይ ተስፋ ይቆርጣሉ። ስለዚህ መጀመሪያ አፈጣጠሩን፣ ከዚያ አወጋገዱን ልንገራችሁ።

ድንጋዩ ውሃው ውስጥ እንዴት ገባ?

ነገሩ ከዝናብ ይጀምራል። ዝናብ ሲወርድ ከአየር ላይ ትንሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል። አፈር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ብዙ ያገኛል፤ የዕፅዋት ሥርና የሚበሰብስ ቅጠል ይህን ጋዝ ያለማቋረጥ ያወጣሉና። ጋዙ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደካማ አሲድ ይሆናል። ምላስ ላይ እንኳን አይታወቅም። የኖራ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ግን ቀስ እያለ ይበላዋል።

ድሬን የከበበው ተራራ ደግሞ ብዙው የኖራ ድንጋይ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እዚህ መተከሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሲሚንቶ ያለ ኖራ ድንጋይ አይሠራም። ከከተማችን አጠገብ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ በዚሁ ድንጋይ ውስጥ ያለ ነው። ባሌ ያለውን ሶፍ ዑመርንም አስቡ። ያን የሚያህል ዋሻ የቦረቦረው የወይብ ወንዝ ውሃ ነው። ውሃ ድንጋይን እንዲህ የሚበላ ከሆነ የበላው ድንጋይ የት ይሄዳል? ውሃው ውስጥ ነው ያለው። ሟሙቷል። ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚጠፋ ጠፍቷል እንጂ የትም አልሄደም።

የእኛ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው። ከላይ የወረደው ዝናብ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ረጅም ጊዜ ተጉዞ፣ ተኝቶ፣ ጠግቦ ነው የምንስበው። ልጄ የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። እሷ የምትጠጣው ከለገዳዲ ግድብ የሚመጣ ውሃ ነው። ያ ውሃ ከላይ የተጠራቀመ ስለሆነ ኖራ ድንጋይ ውስጥ አልከረመም። የእሷ በራድ ውስጡ ያብረቀርቃል። የእኔ ግን በአንድ ወር ነጭ ይለብሳል። ልዩነቱ የእጥበት ጉዳይ አይደለም። መቀሌ ዘመድ ያለው ሰው እዚያም የኛውን ዓይነት ታሪክ ይሰማል፤ እዚያም ኖራ ድንጋይ ሞልቷል።

እንዲህ ያለውን ውሃ ሰው "ከባድ ውሃ" ይለዋል። ልኩ የሚነገረው አንድ ሊትር ውሃ ስንት ሚሊ ግራም ኖራ መሰል ማዕድን እንደያዘ በመቁጠር ነው። ከ60 በታች ከሆነ ቀላል ነው። ከ180 በላይ ሲሆን በጣም ከባድ ይባላል።

ለምን ሲፈላ ይወጣል?

እዚህ ላይ ተማሪዎቼን አምቦ ውሃ አስከፍታቸዋለሁ። ክዳኑ ሲከፈት ጋዙ እየተንጫጫ ይወጣል። ጠርሙሱን ሞቅ ብታደርጉት ደግሞ ጋዙ በጥድፊያ ይሸሻል። ከቧንቧችን የሚወርደው ውሃም እንዲሁ ነው፤ ጋዙ ከአምቦ በጣም ያነሰ ስለሆነ አይታይም እንጂ። ኖራውን አሟምቶ የያዘው ያ ጋዝ ነው። ውሃው ሲሞቅ ጋዙ ይሄዳል። ጋዙ ሲሄድ ኖራው የሚይዘው አጥቶ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። በኬሚስትሪ ቋንቋ ካልሲየም ባይካርቦኔት የነበረው ካልሲየም ካርቦኔት ሆነ ይባላል። እማዬ በቢላዋ ስትፍቀው የነበረው ድንጋይ ያው የተራራው ድንጋይ ነበር።

ሌላም አለ። ስኳርም ጨውም በሙቅ ውሃ የተሻለ ይሟሟሉ። ኖራ ግን ተቃራኒ ነው፤ ውሃው በሞቀ ቁጥር መሟሟቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ሙቀት ሁለት ጊዜ ይገፋዋል። በተለይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሆን በፍጥነት ይጋገራል።

ታዲያ ለምን ውሃው መሃል ሳይሆን ግድግዳው ላይ ይለጠፋል? ይህን ጥያቄ ሰው ብዙ አይጠይቀውም። እኔ ግን ዋናው እሱ ነው እላለሁ። አንደኛ፣ ከሁሉ የሚሞቀው ቦታ ብረቱ ራሱ ነው፤ የበራዱ መቀመጫ፣ የቦይለሩ ኤለመንት (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት)። ጋዙም አረፋ ሆኖ መውጣት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሁለተኛ፣ ማዕድን ክሪስታል ለመሥራት መነሻ ይፈልጋል። ለስላሳ ቦታ ላይ መጀመር ይቸግረዋል። ጭረት፣ ቀዳዳ፣ ሸካራ ቦታ ካገኘ ግን እዚያ ይቀመጣል። የመጀመሪያዋ ቅንጣት ከተቀመጠች ለሚቀጥለው ወንበር ሆነች ማለት ነው። ለዚህ ነው አዲስ በራድ ለሳምንታት ምንም ሳይታይበት ቆይቶ ከዚያ በአንዴ የሚነጣው።

ከዚህ በኋላ ቢላዋና የብረት ሽቦ ለምን እንደምጠላ ይገባችኋል። ስትፍቁ ቅርፊቱን ታነሳላችሁ፤ ግን ለሚቀጥለው ቅርፊት ሺህ ጭረት ታዘጋጃላችሁ። እማዬ በፋቀች ቁጥር ቶሎ ቶሎ ይመለስባት ነበር። ውሃው የባሰበት ይመስላት ነበር። ውሃው ያው ነው።

ኖራው ከውሃው የሚወጣበት አንዱ መንገድ መሞቅ ከሆነ፣ ሁለተኛው መንገድ መድረቅ ነው። ሻወር ራስ ላይ፣ የቧንቧ አፍ ላይ፣ መስታወትና ብርጭቆ ላይ የሚታየው ነጭ ነጠብጣብ እንዲህ የመጣ ነው። ጠብታዋ ትደርቃለች፤ ውሃው ይተናል፤ የያዘችው ማዕድን በሙሉ እዚያው ይቀራል። በዚህ መንገድ እውነተኛ ጨውም ሊቀር ይችላል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር ያለ ገንዳ ላይ የሚወርደው ነጭ መስመር ምንም ሙቀት አላስፈለገውም። የድሬ ፀሐይ በቂ ነው። ጣራ ላይ ያለች ጥቁር ሮቶም ቀኑን ሙሉ እየሞቀች ጋዙን ቀስ በቀስ ታስወጣለች።

እስኪ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ውሃችሁ በሊትር 300 ሚሊ ግራም ይይዛል እንበል። በቀን 10 ሊትር ብታፈሉ ከፍተኛው 3 ግራም ነው። በ100 ቀን 300 ግራም ይሆናል። በእርግጥ ሁሉም አይለጠፍም፤ ከፊሉ ከሻይው ጋር ይወርዳል፣ ከፊሉም ሟሙቶ ይቀራል። ግን ሩቡ እንኳን ቢለጠፍ አንድ ትልቅ እፍኝ ጠጠር ነው።

ከማጽዳታችሁ በፊት አረጋግጡ

ነጭ የሆነ ሁሉ ኖራ አይደለም። ስባሪ አንሱና አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከተንጫጫና አረፋ ካወጣ ኖራ ነው። የሚወጣው አረፋ ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ዝናቡ ከአፈር ይዞት የመጣው ዓይነት ጋዝ። ምንም ካላለ ሌላ ማዕድን ነው፣ ጂፕሰም ሊሆን ይችላል፤ አቼቶ አታባክኑበት። ቡናማ ወይም ቀይ ከሆነ ከቧንቧ የመጣ ዝገት ተቀላቅሎበታል።

ክፍል ውስጥ ይህን በእንቁላል ነው የማሳየው። የእንቁላል ቅርፊት በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ጥሬ እንቁላል አቼቶ ውስጥ ይተኛል። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ቅርፊቱ ጠፍቶ እንቁላሉ በስስ ሽፋኑ ብቻ ይቀራል። ልጆቹ ሲነኩት ይጮኻሉ። ማንም ግን አልፋቀውም። ይህን አንዴ ያየ ልጅ ቤቱ ሄዶ የእናቱን በራድ በቢላ አይነካም።

በራዱን ማጽዳት

የምትፈልጉት አሲድ የምግብ አሲድ ነው። ሦስት ምርጫ አለ። አቼቶ በየሱቁ ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ነው። ሎሚም ይሠራል። ሦስተኛው ሲትሪክ አሲድ የሚባለው ነጭ ዱቄት ነው፤ ሎሚን የሚያኮመጥጠው ነገር ራሱ። ዓረብ አገር የሠሩ እህቶቻችን "ምልሕ ለይሙን" እያሉ ያውቁታል፣ የሎሚ ጨው ማለት ነው። እኔ ከሦስቱ እሱን እመርጣለሁ፤ ሽታ የለውም፣ ትንሹ ብዙ ይሠራል።

ሰው የሚሳሳተው መጠኑ ላይ ነው። ሁለት ማንኪያ አቼቶ ጠብ አድርጎ "አልሠራም" ይላል። አሲዱ ድንጋዩን ሲበላ እሱም ያልቃል። አንድ ግራም ኖራ ለማሟሟት 24 ሚሊ ሊትር ያህል አቼቶ ይፈልጋል። አንድ ትንሽ ሎሚ ተጨምቆ ከአንድ ግራም ብዙም አያልፍም። ሲትሪክ አሲድ ከሆነ ለአንድ ግራም ኖራ 1.3 ግራም ገደማ ይበቃል። ስለዚህ በራዳችሁ ውስጥ 20 ግራም ቅርፊት ካለ ግማሽ ሊትር አቼቶ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን ካወቃችሁ መንጫጫቱ ሲቆም ቅርፊቱ ግን ገና ሲታይ አትደናገጡም። አሲዱ አልቆ ነው። ድፉትና አዲስ ጨምሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በራዱን ባዶ አድርጋችሁ አለቅልቁ። ቅርፊቱ እስኪሸፈን ድረስ ለብ ያለ ውሃ ሙሉበት፤ በሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ጨምሩ። በአቼቶ ከሆነ ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነ ሳታቀጥኑ፣ ስስ ከሆነ እኩል ከውሃ ጋር። ሞቅ ሲል ሥራው ይፈጥናል፤ ግን አታፍሉት። አቼቶ ሲፈላ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ሲትሪኩ ደግሞ ከፈላ ከኖራው ጋር ተጣምሮ በሙቅ ውሃ የማይሟሟ ሌላ ነጭ ነገር ሊሠራ ይችላል። አንድ ሰዓት ተዉት። በመሃል በእንጨት ማንኪያ አነቃንቁት። ድፉት። በስፖንጅ አሹት። የቀረ ካለ ድገሙት። በመጨረሻ አንድ ጊዜ ንጹሕ ውሃ አፍልታችሁ ድፉ፤ የመጀመሪያው ሻይ አቼቶ አቼቶ እንዳይል።

በራዱ አሉሚኒየም ከሆነ ግን ጠንቀቅ በሉ። አሲድ አሉሚኒየምንም ይነካል። አቅጥኑት፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ አታቆዩት፤ በፍጹም አታሳድሩት። ሦስት አጭር ዙር ከአንድ ረጅም ሌሊት ይሻላል። የኤሌክትሪክ ማፍያ ከሆነ መጀመሪያ ከሶኬቱ ንቀሉ፤ መቀመጫውን ውሃ ውስጥ አትንከሩ፤ ውስጡን ብቻ ሙሉ። አፉ ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊት ተነቃይ ከሆነች አውጥታችሁ በብርጭቆ አቼቶ ውስጥ ጣሏት።

ጀበና ላይ አሲድ አላደርግም። ሸክላ ይመጠምጣል፤ ሽታው ቡናው ላይ ይከርማል። ጀበናዬ የሚሞላው አስቀድሞ ፈልቶ በዘቀጠ ውሃ ነው። ስለሱ ከታች እመለሳለሁ።

ሻወርና ቧንቧ

ሻወር ራስ ሲደፈን ውሃው በየአቅጣጫው ይረጫል። ለመንቀል አትታገሉ። አንድ ፌስታል ውሰዱ፤ አቼቶ ሙሉበት፤ የሻወሩን ራስ ውስጡ ነክራችሁ በላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በቂ ነው። የሚያብረቀርቅ ሽፋን ያለው ከሆነ አታሳድሩት፤ ሽፋኑ ይደበዝዛል። ከዚያ ቀዳዳዎቹን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አሹና ሙቅ ውሃ ልቀቁበት። የቧንቧ አፍ ላይ ያለችውን ወንፊትም በጨርቅ ይዛችሁ በፒንሳ ፈትታችሁ እንዲሁ አድርጉ። ውሃችን ቀነሰ ብለው ብዙ የተጨነቁ ጎረቤቶቼ ችግራቸው እዚያች ሳንቲም የምታህል ወንፊት ላይ ነበር።

ቦይለር

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው። ገንዘብ የሚበላው እሱ ነውና።

ባለ 50 ሊትር ቦይለር ገዝቼ አስገጠምኩ። በሦስተኛው ዓመት ማጉረምረም ጀመረ። በብረት ድስት ውስጥ ጠጠር የሚንከባለል ይመስላል። እኔ የኬሚስትሪ መምህር ሆኜ ዝም አልኩት፤ ሥራ ስለበዛብኝ ለነገ ለነገ አልኩ። አንድ ማለዳ ውሃው ቀዝቃዛ ሆኖ ጠበቀኝ። የመጣው ባለሙያ የቀድሞ ተማሪዬ ነበር። ፈታው፤ እጁን ሰደደ፤ ነጭ ጠጠር እየዛቀ ባልዲ ውስጥ ጨመረ። ባልዲው ወደ ግማሽ ደረሰ። ኤለመንቱ በቅርፊት ከመሸፈኑ የተነሳ ብረቱ አይታይም። መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል። "ቲቸር፣ እርስዎ ያስተማሩን እኮ ነው ይሄ" አለኝ። እውነቱን ነው። ያን ዕለት ነው ይህን ነገር ለሰው ሁሉ መናገር አለብኝ ያልኩት።

የሆነው ይህ ነው። ቅርፊቱ ሙቀት እንደ ብረት አያሳልፍም። ኤለመንቱ ብርድ ልብስ እንደለበሰ ሰው ውስጥ ውስጡን ይግላል። ሙቀቱን ወደ ውሃው መልቀቅ ሲያቅተው ራሱን ያቃጥላል። ድምፁ የሚመጣው ከቅርፊቱ ሥር የገባ ውሃ ወደ እንፋሎት ተቀይሮ ሲፈነዳ ነው። ስለዚህ ቦይለራችሁ ሲያጉረመርም እየነገራችሁ ነው፤ ስሙት። አንድ ነገር ላርም፤ "ኖራ የመብራት ቆጣሪ ያስሮጣል" ይባላል። ኤለመንቱ ውሃ ውስጥ ስላለ ሙቀቱ ቢዘገይም በመጨረሻ ውሃው ውስጥ ይገባል። ትልቁ ኪሳራ የኤለመንቱ መቃጠል ነው። ከሰል ወይም ምድጃ ላይ የሚጣደው በራድ ግን ሌላ ነው። እዚያ ሙቀቱ በጎን እያመለጠ ከሰሉ በከንቱ ያልቃል።

ቦይለር ስለ መክፈት። የኤሌክትሪክ ሥራ የማታውቁ ከሆነ ባለሙያ ጥሩ። ግን አጠገቡ ቁሙና ቅደም ተከተሉን ተከታተሉ። መጀመሪያ መብራቱ ከብሬከሩ ይጠፋል፤ በማብሪያ ማጥፊያው ብቻ አይበቃም። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ እኔ ማታ አጥፍቼ ጠዋት ነው የማስከፍተው። የቀዝቃዛው መግቢያ ይዘጋል። አየር እንዲገባ አንድ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ይከፈታል። ከዚያ ውሃው በጎማ ይፈስሳል። ክዳኑ ሲከፈት ሽቦዎቹ ከመነቀላቸው በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። ይህች ፎቶ ስንት ክርክር አስቀርታልኛለች።

ኤለመንቱ ሲወጣ በመዶሻ እንዳይመታ። በባልዲ 5 ሊትር ለብ ያለ ውሃና ሩብ ኪሎ ሲትሪክ አሲድ አዘጋጁ። ይህ ወደ 190 ግራም ኖራ የማሟሟት አቅም አለው። ኤለመንቱን አስገቡት፤ የሽቦ ማሰሪያዎቹ ያሉበት ጫፍ ግን ከውሃው ውጭ ይቆይ። ጥቂት ሰዓት ተዉት። ከጋኑ ውስጥ ያለውን ጠጠር በእጅ ወይም በፕላስቲክ ነገር ዛቁ። ግድግዳውን በብረት አትፋቁ፤ የውስጡ ሽፋን ከተሰነጠቀ ጋኑ ይዝጋል። አብሮ የሚወጣ የማግኒዥየም ዘንግ ካለ ተመልከቱት። እሱ ጋኑ እንዳይዝግ እየተበላ የሚጠብቅ ነው። አልቆ ሽቦ ከመሰለ ይቀየር። ጎሚኒው ከደረቀም ይቀየር።

ሲገጠም ብሎኖቹ በመስቀል አቅጣጫ እየተፈራረቁ ይጥበቁ። ከዚያ ውሃ ይሞላ። የሙቅ ውሃው ቧንቧ አየር መትፋቱን ትቶ ወጥ ሆኖ እስኪወርድ ድረስ መብራት እንዳይበራ። ባዶ ጋን ውስጥ የበራ ኤለመንት በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። አዲስ ኤለመንት ገዝተው በዚሁ ስህተት በዚያው ቀን ያቃጠሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ አንጀቴን በልተውኛል።

ሙቀቱን 60 ዲግሪ ላይ አድርጉት። ከዚያ በላይ ኖራው ይጣደፋል። በጣም ዝቅ ማድረግም ጥሩ አይደለም፤ ለብ ያለ የቆመ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባል የሳንባ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ይራባል። እዚህ ከተማ ውስጥ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ክፈቱት።

ይህን በፍጹም አታድርጉ

አቼቶ፣ ሎሚ፣ ማንኛውም አሲድ ከበረኪና ጋር አይገናኝ። አንድ ጎረቤቴ መታጠቢያ ቤቷን በአቼቶ አሽታ "በደንብ እንዲነጣ" ብላ በላዩ በረኪና ደፋችበት። በሩ ዝግ ነበር። ሳሏን ሰምተን ሮጠን ነው ያወጣናት። የወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ ሳንባ ያቃጥላል፣ ይገድላልም። በረኪና የተነካ ቦታን በብዙ ውሃ አጥባችሁ፣ ሌላ ቀን አሲድ ተጠቀሙ። ይህን ለቤት ሠራተኛችሁም፣ ለልጆቻችሁም ንገሩ። እለምናችኋለሁ።

የባትሪ አሲድም በራድ ውስጥ የሚያደርግ አለ። መርዝ ነው። እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ደግሞ በኬሚስትሪም አይረዳም፤ ኖራውን ወደ ጂፕሰም ቀይሮ የማይነቀል ልባስ ያደርገዋል። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም ምግብና መጠጥ ዕቃ አጠገብ አይድረስ።

እብነ በረድ ላይና የእብነ በረድ ስባሪ ያለበት ተራዞ ላይ አቼቶ እንዳይንጠባጠብ። እሱም ኖራ ነው። አሲዱ የበራዱን ድንጋይ ከወለላችሁ ድንጋይ አይለይም።

ቶሎ እንዳይመለስ

የማያቋርጠውን ነገር ማዘግየት ይቻላል። በራድ ውስጥ ውሃ አታሳድሩ። የምትጠጡትን ያህል ብቻ አፍሉ። ሻወሩን ስትጨርሱ መስታወቱን በጨርቅ ጥረጉት፤ ያልደረቀ ጠብታ ነጥብ አይተውም። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አሠሩ።

ለጀበናና ለማፍያው የማደርገው ይህ ነው። አንድ አሮጌ ብረት ድስት ለዚሁ መድቤያለሁ። ማታ ውሃ አምስት ደቂቃ ያህል አፈላበታለሁ። ጋዙ ይወጣል፤ ኖራው እዚያ ድስት ላይ ይቀራል። ተከድኖ ያድራል። ጠዋት ከላይ ያለውን ቀስ ብዬ እቀዳና የመጨረሻውን ሁለት ጣት እደፋዋለሁ። ኖራው ሁሉ አይወጣም፤ ሲፈላ የማይለቅ ማዕድንም አለ። ግን ጀበናዬና ማፍያዬ ብዙ ይድናሉ። ድስቱን በወር አንድ ጊዜ በሲትሪክ አሲድ አጥበዋለሁ። ክረምት ሲሆን ደግሞ ከቆርቆሮ ጣራ የዝናብ ውሃ እይዛለሁ፤ የመጀመሪያውን አቧራ ካጠበ በኋላ። ለልብስ ነው የምጠቀምበት። በዝናብ ውሃ ያው ሳሙና እንዴት አረፋ እንደሚያወጣ ላየ ሰው ይገርማል። በከባድ ውሃ ሳሙናው ግማሹን ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ ነጭ ልጥልጥ ሆኖ ይጠፋል።

ውሃ የሚያቀል ማሽን አለ፤ ካልሲየሙን ወስዶ በሶዲየም የሚተካ። ለሆቴልና ለፋብሪካ ጥሩ ነው። ለቤት ውድ ነው፤ ጨውም ያለማቋረጥ ይበላል። ቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት ግን ገንዘባችሁን አታውጡበት። አሠርተው ያዩ ሰዎች በራድ አይቻለሁ፤ ከእኔው አይለይም።

በመጨረሻ ብዙ እናቶች የሚጠይቁኝን ልመልስ። ሻይ ውስጥ የሚንሳፈፈው ነጭ ፍርፋሪ ይጎዳል ወይ? አይጎዳም። ካልሲየም ነው፤ ጥርስና አጥንት የሚፈልጉት ማዕድን። የዓለም ጤና ድርጅትም ለውሃ ክብደት የጤና ገደብ አላወጣም። ኩላሊት ጠጠር ፈርተው ውሃ መጠጣት የቀነሱ ሰዎች እዚህ አጋጥመውኛል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። በእንዲህ ያለ ሙቀት ውሃ መቀነስ ነው ጠጠር የሚጋብዘው። ጠጡ። ፍርፋሪው ካስጠላችሁ ሻይውን በወንፊት ቅዱት፤ የበራዱን የመጨረሻ ጉንጭ ደግሞ ድፉት።